ቢላዬ እስኪደርስ

ከጎረቤት የጥጥ መንደፊያ ድምፅ ይሰማኛል። የጎረቤቴ ምራት ናት። ክረምቱ ሲወጣ በረንዳዋ ላይ ቁጭ ትልና የደጋኑን ጅማት ዱም፣ ዱም፣ ዱም ታሰኘዋለች፤ ጥጡም እየሳሳ ይነሣል። ለሌላው ሰው የጥጥ ሥራ ነው። እኔ ግን ያ ድምፅ ጆሮዬ በገባ ቁጥር የራሰ ሣርና የድኩላ ጠጉር ይሸተኛል፤ ይሄ ያረጀ ትከሻዬም ሳላዝዘው ውጥር ይላል። ተቀመጥማ፣ ልንገርህ። እስከ ዛሬ ሙሉውን ለማንም አልተናገርኩትም።

ጣሊያን አገሩን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ሃያ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ጎረምሳ ነበርኩ። የምንኖረው እዚሁ ቡታጅራ ነው፤ ያኔ ግን ከተማዋ ማለት ገበያው፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶችና ጭቃው ነበር። አባቴ ዘምቶ እዚያው ቀርቷል። ላሞቻችንንና በሬያችንን ደግሞ በከተማው የሰፈረው ጦር ለቀለብ ብሎ ነዳቸው። እናቴ በረቱ በር ላይ ቆማ፣ "ጥጃዋን እንኳ ተዉልኝ" ስትል ትዝ ይለኛል። ጥጃዋንም አልተዉላትም። የቀረነው እናቴ፣ እኔና የጓሮው እንሰት ነን።

እንሰት ሆድ ይሞላል፤ ለመስቀል ግን ብቻውን አይበቃም። የእኛ አገር ሰው መስቀልን እንዴት እንደሚያከብር አንተም ታውቃለህ። የትም የሄደ ዘመድ ይመጣል፤ በር ክፍት ሆኖ ይዋላል፤ የቤቱ ወንድ ያርዳል። ሥጋ የሌለበት ቤት መስቀልን ዋለ አይባልም። እናቴ ዓመቱን ሙሉ ፈትል እየፈተለች፣ ፈትሉን በቅቤ እየለወጠች አንድ ማሰሮ ሞልታለች። ቆጮው ከጉድጓድ ወጥቷል፤ ሚጥሚጣው ተወቅጧል። የጠፋው ሥጋ ብቻ ነው። አንድ ቀን ማሰሮውን እየከደነች፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር፣ "ዘንድሮ በሩን ዘግቼ እውላለሁ። የመጣ ሰው ወልቂጤ ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል ይበል" አለችኝ።

እናቴ በሯን ዘግታ አታውቅም። የአባቴን ሞት ባረዷት ሰሞን እንኳ አልዘጋችም። እኔም በዚያች ሰዓት በልቤ ማልኩ፦ ያ በር አይዘጋም።

የልብ ጓደኛዬ የቆዳ ነጋዴ ልጅ ነበር፤ ቤታቸው ከእኛ አጥር ቀጥሎ ነው። እነሱ ሙስሊሞች፣ እኛ ክርስቲያኖች ነን። አባቱ ሐጂ በዚያ ዓመት ከተራራው ሥር ያለውን መስክና ጫካ ከጣሊያኑ ሹም ተከራይተው ነበር። መሬቱ የአንድ የሸሸ ባላባት ነው፤ ጣሊያኑ የእኔ ነው አለና ማኅተም የመታበት ወረቀት ሰጥቶ ለከብት ግጦሽ አከራያቸው። ከብቶቻቸው ሲገቡ ግን ሣሩን ድኩላ ቀድሟቸው ኖሯል። ሐጂ ወረቀቱን እያገላበጡ፣ "ለእኔ ያከራየኝን መልሶ ለድኩላ አከራይቶታል እንዴ?" ይሉ ነበር። በመጨረሻ እኔንና ልጃቸውን ጠርተው፣ "አድኑ። ሥጋው የእናንተ፣ ቆዳው የእኔ" አሉን።

በምን እናድን? ጠመንጃ የተገኘበት ሰው የሚሰቀልበት ጊዜ ነው። ከሐይቆቹ ወገን፣ ከቆላ የመጣ አንድ ሽማግሌ አዳኝ ደጋን ሠራልን፤ ፍላጻ ሳለልን፤ አወራወሩንም አስተማረን። ስንሳሳት በዱላው ጫፍ ክርናችንን እየነካ ያቃናን ነበር። የመጨረሻ ምክሩ፣ "ከወጋችሁ በኋላ አትሩጡ። ተቀመጡ። ካባረራችሁት ይርቃል፤ ከተዋችሁት ቅርብ ሄዶ ይተኛል፣ እዚያው ይሞታል" የሚል ነበር።

እንዳለን አደረግን። የመጀመሪያውን ድኩላ ጓደኛዬ ወጋው፤ ተቀመጥን፤ ጥላ እስኪዞር ጠብቀን ደሙን ተከትለን ሄድን። ሞቶ አገኘነው። ቢላ ሳያገኘው የሞተ ደግሞ በክት ነው፤ ለእሱም አይሆን፣ ለእኔም አይሆን። ሁለት ጎረምሶች ሁለት ቢላ መዘን በድኑ አጠገብ ቆመን ተያየን። ለጅብ ትተነው ተመለስን። ሽማግሌው አዳኝ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀብን፤ እሱ ቢሆን በልቶት ነበርና።

ከዚያ በኋላ የራሳችንን ዘዴ አወጣን። ድኩላው ሲደነግጥ ሁልጊዜ የሚሸሽበት አንድ መንገድ ነበረው፤ ከመስኩ ወርዶ ጅረቱን ይዘልና ከማዶ በሁለት ቋጥኞች መካከል ይገባል። አንዳችን ከላይ ሆኖ የኋላ እግሩን ይወጋል፤ ሌላችን ከማዶ ቋጥኙ ሥር ተደብቆ ይጠብቃል፣ የሚያነክሰውን ድኩላ በሕይወቱ ይይዛል፣ ያርዳል። ሥጋው የሚሆነው ላረደው ነው። ክርስቲያን ያረደውን እነሱ አይበሉም፣ ሙስሊም ያረደውን እኛ አንበላም። ስለዚህ ተራ ገባን፤ ባለ ተራው ወደ ማዶ ይወርዳል፣ ያልደረሰው ከላይ ሆኖ ይወጋል። ሁለተኛው ድኩላ የእነሱ ተራ ነበር፤ እኔ ወጋሁት፣ እሱ "ቢስሚላህ" ብሎ አረደው፤ እነ ሐጂ ቤት ሦስት ቀን ሥጋ ሸተተ። ቀጣዩ ተራ የእኔ ሆነ። ለመስቀል የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

ከከተማው መውጫ ላይ ባንዳ የሚጠብቀው ኬላ አለ። ፍላጻዎቹን በሸምበቆ እቅፍ ውስጥ ደብቀን፣ በደጋኑ ጅማት ላይ ደግሞ የእናቴን ጥጥ ጠምጠም አድርገንበት ነው የምናልፈው። በዚያን ቀን ጠዋት ዘበኛው አስቆመን።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የጥጥ መንደፊያ ነው ጌታዬ። ለአክስቴ ላደርስላት ነው" አልኩት።

ጓደኛዬን ከእግር እስከ ራሱ አየው። "አንተስ? አንተም ጥጥ ትነድፋለህ?"

"እኔ ፈትሉን ነው የምፈትለው" አለ ጓደኛዬ፣ ፈገግ ሳይል። ዘበኛው እንባው እስኪመጣ ሳቀና፣ "ሂዱ እናንተ ሴታ ሴቶች" ብሎ ለቀቀን። ስንርቅ ጓደኛዬ የሴት አካሄድ እየሄደ አሳቀኝ። በዚያ ቀን የሳቅነው ይኸው ነው።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ጭጋጉ ከተራራው እየወረደ መስኩን ሸፍኖታል፤ ሣሩ እስከ ጉልበታችን አራሰን። ከታች ጅረቱ ሲጮህ ይሰማል፤ ሌላ ጊዜ ከዚያ ቦታ ድምፁ አይሰማም ነበር። ጓደኛዬ ደጋኑን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። እኔ አልሰጠሁትም።

"ተራህ እኮ ነው። ወደ ማዶ ውረድ" አለኝ።

"ዛሬ እኔ ልውጋ።"

"እና ማን ሊያርድ?"

"እኔው። ወግቼ ሮጬ እደርሳለሁ። አንተ ያዝልኝ ብቻ።"

"ወንዙ ሞልቷል፤ አይሰማህም?"

"እደርሳለሁ አልኩህ እኮ!"

 "ወላሂ እንደ አንተ ያለ ችኮ አላየሁም" አለና የሸምበቆውን እቅፍ አስቀምጦ ወረደ።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ዛሬም አውቀዋለሁ። እናቴ "ማን ወጋው?" ስትለኝ "እኔ" ልላት ነው። "ማን አረደው?" ስትለኝም "እኔ" ልላት። አባቴ በየመስቀሉ በሚቆምበት ቦታ ብቻዬን፣ ማንም ሳያግዘኝ መቆም ፈለግሁ። ስለ ጅረቱ እሱ እውነቱን ነበር፤ እኔም መስማቱን ሰምቻለሁ፤ ግን እልህ ይዞኛል።

ቁጥቋጦ ሥር ተኝቼ ቆየሁ። ሆዴ ከመሬቱ ጋር በረደ። ጭጋጉ ሲሳሳ መጀመሪያ ያየሁት ጆሮውን ነው፤ ቀጥሎ ቀንዱን። ጥቁር መሰል ትልቅ ወንድ ድኩላ ነበር፤ አንገቱን እያነሣ እያጎነበሰ ይግጣል፤ ጭራውን ሲያወዛውዝ ከሥሩ ያለው ነጭ ብልጭ ይላል። ደጋኑን ጉንጬ እስኪደርስ ሳብኩት። ሽማግሌው አዳኝ ክርኔን የነካኝ መሰለኝ። ለቀቅኩ። ጅማቱ ዱም አለ፤ ፍላጻው ከጭኑ በላይ ገባ፤ ድኩላው እንደ ውሻ አንዴ ጮኸና ቁልቁል ወረደ።

እኔም ተከተልኩት። የራሰው ሣር ሁለት ጊዜ ጣለኝ። ጅረቱ ዳር ስደርስ ሁልጊዜ እየረገጥን የምንሻገርባቸው ድንጋዮች የሉም፤ ቡናማ ውሃ ብቻ ነው የሚታየው። ድኩላው በቆሰለ እግሩ ዘሎ ተሻግሯል። እኔ አንድ እግሬን አስገባሁና ውሃው ከሥሬ ነጠቀኝ፤ የሳር ሥር ይዤ ነው የወጣሁት። በዚያው ቅጽበት ከማዶ የጓደኛዬን ድምፅ ሰማሁ።

"ይዤዋለሁ! ቶሎ በል!"

ወደ ላይ፣ ጅረቱ ወደሚጠብበት መሮጥ ነበረብኝ። እሾሁ ፊቴን ይመታኛል። ጭጋግ ስለሆነ አይታየኝም፤ የሚሰማኝ ድምፁ ብቻ ነው።

"አልሞተም! ይተነፍሳል! ቶሎ በል!"

ስንት ጊዜ እንደጮኸ አልቆጠርኩም። እኔም "መጣሁ! መጣሁ!" እላለሁ። አንድ ጊዜ ድምፁ ተቋረጠ፤ ቀጥሎ የሰው ይሁን የድኩላ ያልለየሁት ጩኸት ሰማሁ። ቆምኩ። ከዚያ እንደገና፣ ቀጠን ባለ ድምፅ፣ "ይተነፍሳል" አለ። ጅረቱን የት ጋ እንደዘለልኩት ዛሬም አላውቅም።

ስደርስ ጓደኛዬ በድኩላው ላይ ተኝቶበታል። በጉልበቱ አንገቱን ተጭኖ፣ በሁለት እጁ ሁለቱን ቀንድ ይዟል። የማሰሪያው ገመድ ወገቡ ላይ አለ፤ በአንድ እጅ ግን ሊፈታው አልቻለም። ቢላውም ወገቡ ላይ አለ። የድኩላው ዓይን ይርገበገባል፤ ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል። ጓደኛዬ ከንፈሩ አመድ መስሏል። "ቶሎ" አለኝ፣ በሹክሹክታ። ቢላዬን መዝዤ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አልኩና አረድኩ። በሕይወት ነበር። ደሙ ሞቆ በእጄ ላይ ሲፈስ ደስታዬ አፍኖኝ፣ "እናቴ! እናቴ!" እያልኩ ዘለልኩ።

ዘልዬ ሳበቃ ነው ዞሬ ያየሁት። ድኩላው ከሞተ በኋላም ጓደኛዬ ቀንዱን አልለቀቀም ነበር። መልቀቅ ስላልቻለ ነው። የግራው ቀንድ በቀኝ መዳፉ ገብቶ በእጁ አንጓ በኩል ወጥቷል። ከመቼ ጀምሮ እንደዚያ ይዞት እንደነበረ ያኔ ገባኝ፤ ያ ያልለየሁት ጩኸት የእሱ ነበር። በግራ እጁ ቢላውን መዝዞ አንድ ጊዜ ቢስበው ይገላገል ነበር። ሥጋውም ለቤቱ ይሆን ነበር። እጁን ከቀንዱ ሳወጣ ጥርሱን ነክሶ ተራራ ተራራውን ያይ ነበር፤ ነጠላዬን ቀድጄ ስጠመጥምለት፣ "ቆዳውን ሳትቀድ ግፈፍ፤ የአባቴ ነው" አለኝ።

ሥጋውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለን ስንመለስ ያው ዘበኛ ኬላው ላይ አለ። በደም የራሰውን ጨርቅ አየ።

"ምን ሆነ?"

ድኩላ ብንለው በምን ያዛችሁት ሊለን ነው። ጓደኛዬ ቀደመኝ። "ወይፈን ወጋኝ ጌታዬ።"

"ወይፈኑን ምን አደረጋችሁት?"

"አረድነው" አልኩት፤ ሥጋውን አሳየሁት። አንድ ጭን አስቀርቶ አሳለፈን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ የወይፈን ሆኖ ቀረ።

እናቴ ሥጋውን ስታይ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ከኋላዬ ጓደኛዬን ስታይ ዘጋችው።  የመስቀሉን ማሰሮ አወረደች፤ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመችውን ቅቤ አንጥራ፣ ለብ ሲል ቁስሉ ላይ አፈሰሰችው። ሲያልቅ ደግማ አነጠረች። "ልጄ፣ ቻለው፤ ልጄ፣ ቻለው" ትለዋለች። ወደ ጣሊያኖቹ ክሊኒክ መውሰድ አልተቻለም፤ ምን ወጋው ብለው መርምረው ይደርሱብናል። ወጌሻ መጣ፣ አሰረለት። ሐጂ ከሱቃቸው ሮጠው ሲመጡ መጀመሪያ ያዩት የልጃቸውን ወገብ ነው፤ ቢላው እንደተሻጠ ነበር።

"ቢላ ይዘህ? ለምን አላረድከውም?" አሉት።

"ተራው የእሱ ነበር" አለ።

ሐጂ ወደ እኔ ተመለከቱ። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ እያልኩ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡና ግንባሩን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ "ደግ አድርገሃል" አሉት።

የመስቀል ዕለት በራችን ከጠዋት ጀምሮ ተከፍቶ ዋለ። ዘመድ ከአገና መጣ፣ ከእምድብር መጣ። ሁሉም፣ "በዚህ ክፉ ዘመን ልጅሽ እንዴት ያለ ወንድ ወጣው!" ይሏታል። እሷ አንገቷን ቀና አድርጋ ታስተናግዳለች። እኔ ግን የመጀመሪያውን ጉርሻ አልዋጥ አለኝ። እናቴ አየችኝ፤ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ቅቤ እንደ ልቡ ካላገኘው ክትፎ በቆጮ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣች።

"አልበላም እማዬ።"

"ብላ" አለችኝ፣ ሰው እንዳይሰማት ጥርሷን ገጥማ። "ካልበላህማ እሱ ምን ብሎ ያዘው? ብላ!" ከዚያ ለራሷ ጠቀለለችና፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ዋጠች። እኔም ዋጥኩ። ማታ ፀሐይ ሳትገባ አይብና ቆጮዋን፣ ሥጋ ባልነካው አዲስ ዕቃ አድርጋ፣ ራሷ ተሸክማ በአጥሩ በር ወደ እነ ጓደኛዬ ቤት ገባች። በየመስቀሉ እስክትሞት ድረስ ይህን አላጓደለችም።

ቁስሉ ዳነ። ጣቶቹ ግን እንደታጠፉ ቀሩ። ደጋን ዳግመኛ አልሳበም፤ እኔም ብቻዬን አልወጣሁም፤ ኪራዩም በዓመቱ አለቀ። ጣሊያን ወጣ፤ እሱ የአባቱን ንግድ ያዘ፣ አገባ፣ ወለደ። በግራው ይመዝናል፣ በግራው ይቆልፋል። የሚበላው ግን በቀኙ ነው፤ በታጠፈችው እጁ እየሰበሰበ፣ ቀስ ብሎ። ማዕድ ላይ ሁሌ የመጨረሻ ተነሺ እሱ ነበር፤ እኔም ሳልጠግብ የቀረሁ እየመሰልኩ አብሬው እቀመጥ ነበር።

ሰው ሊጨብጠው ሲል ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ ያስቀምጥና ግራውን ይዘረጋል። "ይቅር በሉኝ፤ ቀኙን ወይፈን ወግቶብኝ ነው" ይላል። ለሹምም፣ ለነጋዴም፣ ለሙሽራም እንደዚያ ነው። ልጆቹ ሳይቀሩ ወይፈን ነው የሚያውቁት። ለእኔ ብቻ፣ በመንገድም ቢሆን በገበያ፣ ቀኙን ከጋቢው ያወጣዋል። እኔም እንደታጠፈ በሁለት እጄ እቀበለዋለሁ። ከሃምሳ ዓመት በላይ እንደዚያ ተጨባበጥን፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ይቅርታ የምትለዋን ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።

ባለፈው ክረምት አልጋ ላይ ዋለ። ልጆቹ ሐኪም ፍለጋ ወጥተው ብቻዬን አጠገቡ ነበርኩ። "ስማኝ" አልኩት፣ "ያን ቀን እኔ ወደ ማዶ ብወርድ ኖሮ…"

"ዝም በል" አለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። "ይልቅ እጄን ያዝልኝ፤ ይበርደዋል።"

ከብርድ ልብሱ ሥር ፈልጌ ያዝኩት። አጥንቱ ቀሏል፤ ጣቶቹ እንደ ድሮአቸው መዳፉን ጨብጠዋል። ቀስ በቀስ ሞቀ። ትንሽ ቆይቶ እንቅልፍ የወሰደው መሰለኝ፤ ክንዴ እየደነዘዘ ሄደ። ልጆቹ በሩን ከፍተው እስኪገቡ ድረስ አልለቀቅኩትም።